ከሃያ ሦስት በታች

የካቲት 5

ማክሰኞ። የልኬት ቀን። አሥራ አራት እርጉዝ፣ አሥራ አራት ግራ ክንድ። ከፈቃድ ከተመለስኩ ሦስተኛ ሳምንቴ። ሥራው እጅ ብቻ ነው የሚፈልገው… ጭንቅላት ቤት ቢቀርም ይሠራል።

እጅጌ ወደ ላይ። ሜትሩን ክንዷ መሃል ላይ አዙሮ ማንበብ፣ ካርድ ላይ መጻፍ። ከሃያ ሦስት ሴንቲ በታች ከሆነች የምግብ ድጋፍ ፕሮግራሙ ውስጥ ትገባለች፤ እስክትወልድ ድረስ በየሁለት ሳምንቱ ዱቄትና ዘይት። ሃያ ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆነች የአይረን ክኒንና "በደንብ ብዪ" የሚል ምክር። ክኒኑ አንዳንዴ ያልቃል። ምክሩ አልቆብን አያውቅም።

አንዷ ተከራከረችኝ። ልብስ ሰፊዋ፣ ከጤና ጣቢያው ጀርባ ደረጃ ሥር ሱቅ ያላት። አምስት ወር አልፏታል። ሃያ ሦስት ነጥብ አራት ብዬ አነበብኩላት።

"አይደለም" አለች።

"ምኑ ነው ያልሆነው?"

"ክንዴ ሃያ ሁለት ከምናምን ነው። የራሴን እጅጌ የምሰፋው እኔ ነኝ፣ ሲስተር።"

ሲስተር አይደለሁም። ረዳት ነኝ። ሁሉም ሲስተር ይለኛል፣ ማረም ሰልችቶኝ ትቼዋለሁ።

"እዚህ የሚሠራው የእኛ ሜትር ነው" አልኳት።

ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ያለፈው ልጄ ሁለት ኪሎ አልሞላም ነበር። በሦስተኛው ቀን ሞተ። ዶክተሩ፣ ቀጥሎ ስታረግዢ ምግብ ላይ በርቺ አለኝ። ባሌ ሥራ ፍለጋ ከሄደ አራት ወሩ ነው… ምን ይዤ ልበርታ?"

"አዝናለሁ።" አላዘንኩም። ምንም። እንጨት። "ቀጣይ!" ብዬ ተጣራሁ፣ የሚቀጥለው ክንድ መጣ።

የካቲት 7

አማቴ እዚህ ከመጡ ሁለት ወር ሊሞላቸው ነው። "ለሳምንት" ብለው ነበር፣ ያኔ ከሆስፒታል ስወጣ። ሳምንቷ ተለጠጠች።

ዛሬ ለእህታቸው በስልክ… "የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች።" ድምፃቸውን ዝቅ እንኳ አላደረጉም። የሰው እርጉዝ ስታበላ ትውልና ማታ እሷ ሁለት ማንኪያ አትቀምስም ነው ነገሩ። እውነታቸውን ነው።

የዚህ ደብተር የታኅሣሥ 19 ገጽ ባዶ ነው። አሁን ልጻፈው እንግዲህ። በሰባት ወሯ መጣች። አንድ ቀን ኖረች። ስም አልወጣላትም። ስትቀበር እኔ አልጋ ላይ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ እዚህ ቤት ስለ እሷ የተነሳ ነገር የለም። በቃ፣ ይኸው ነው።

የካቲት 12

አሥራ አንድ ክንድ። ቀኑን ሙሉ ዘነበ። ምሳ ረሳሁ።

የካቲት 19

ወረፋው ቶሎ አለቀ። እጄ ሥራ ፈታ፣ የራሴን ክንድ ለካሁ። በአንድ እጅ አልሆን ሲለኝ የሜትሩን ጫፍ በጥርሴ ያዝኩት። ጥበቃው ጋሼ በመስኮት አዩኝ።

"ሲስተር፣ ሜትር መብላት ተጀመረ? ለካ ነገሩ እዚህ ደርሷል!"

ሳቅሁላቸው መሰለኝ። ከንፈሬ ተንቀሳቅሷል። ሃያ ሦስት ነጥብ አምስት። ደህና ነኝ ማለት ነው… በቁጥር።

የካቲት 26

ልብስ ሰፊዋ ለክኒን መጣች። ሚዛን ላይ አወጣኋት። በሦስት ሳምንት ሦስት መቶ ግራም ብቻ ነው የጨመረችው። ትንሽ ነው። በስድስተኛ ወር ላይ በጣም ትንሽ ነው።

"ብዪ እንጂ።"

"አፌማ እሺ ብሏል፣ ሲስተር። ጓዳዬ ነው እምቢ ያለው።"

ከኋላዋ የተሰለፉት ሳቁ። እሷም ሳቀች። እኔ "300" ብዬ ጻፍኩ።

መጋቢት 4

ባሌ የከተማ አውቶቡስ ነው የሚነዳው። ጎህ ሳይቀድ ይወጣል፣ ሲመሽ ይገባል። ዛሬ እራት ላይ የተነጋገርነው ጠቅላላ፦

"መንገዱ ተዘጋግቶ ነበር።"

"ውይ።"

"ጨው አቀብይኝ።"

ድሮ አፉ አያርፍም ነበር። የተሳፋሪውን ሁሉ ንግግር እያስመሰለ ሆዴ እስኪቆረጥ ያስቀኝ ነበር። አሁን ደባል ሆነናል። ጥሩ ደባል ነው፣ ሳህን ያጥባል።

መጋቢት 12

አማቴ ጋዋኔን ከገመድ ላይ አውርደው ዘረጉት።

"አንቺ ልጅ፣ እዚህ ውስጥ እኮ ሌላ ሰው ይደረብበታል። ቅዳሜ ወስደሽ አስጠብቢው። በሽተኛ አንቺን አይቶ እኔስ ደህና ነኝ ብሎ ይመለሳል።"

"እሺ እማማ።"

"እሺ፣ እሺ! እሺታሽ ቢበላ ኖሮ ጠግበን ነበር።"

መጋቢት 14

ሌላ ሰፊ ለመፈለግ እግሬ ሰነፈ። ደረጃው ሥር ወዳለችው ሄድኩ። ትታዘበኛለች ብዬ ነበር… መርፌዎቿን በከንፈሯ ይዛ ዙሪያዬን ዞረችኝ። ወገብ። ጀርባ። እጅጌው ላይ ስትደርስ ክንዴን ለካች።

"ሃያ ሁለት ተኩል" ብላ ወረቀቷ ላይ ጻፈች።

"ሃያ ሦስት ተኩል ነው" አልኳት፣ ሳላስበው።

"ማን ለካሽ?"

"እኔው። ሥራ ቦታ።"

መርፌዎቹን ከአፏ አወጣች። አየችኝ። ሜትሯን አየች። ከዚያ ደግሞ እኔን። "ያኔ ወፍረሽ ይሆናላ" አለች።

ይሉኝታ ነው። አልወፈርኩም። እሷም ታውቃለች።

መጋቢት 15

እሁድ። ጤና ጣቢያው ዝግ ነው። ማሰብ አልፈለግሁም። ልብስ አጠብኩ፣ የታጠበውንም ደግሜ አጠብኩት። አማቴ፣ "ዛሬ ደግሞ ምን ነክቷት ነው?" አሉ ለራሳቸው።

መጋቢት 16

ማንም ሳይገባ ገባሁ። ሜትራችንን ግድግዳው ላይ ካለው የቁመት መለኪያ ጎን ዘረጋሁት። ጫፉ አንድ ላይ ነው የሚጀምረው። ከዜሮ እስከ አንድ ያለው የለም።

አስታወስኩ። ነሐሴ ላይ ነው። ጫፉ ላይ ያለው ቆርቆሮ ወልቆ ጨርቁ ተተልትሎ ነበር። በመቀስ ልክ አንዱ ላይ አስተካክዬ ቆረጥኩት። አዲስ እስኪመጣ አንድ እየቀነስኩ አነባለሁ አልኩ። ቀነስኩም፣ ለተወሰነ ጊዜ። ከዚያ የእርግዝናው ማቅለሽለሽ ባሰብኝ፣ አንድ ዓይኔ በር ላይ ሆኖ ነበር የምለካው… መቼ እንደተውኩት አላውቅም። ለማንም አልነገርኩም። በፈቃዴ ጊዜ የተካችኝ ልጅም በዚያው ስትለካ ከረመች።

ሃያ ሁለት የሆነችው ሁሉ ሃያ ሦስት እየተባለች ተመልሳለች ማለት ነው። ዱቄቱ የሚገባት ሴት "በደንብ ብዪ" ተብላ ሄዳለች። ልብስ ሰፊዋ ልክ ነበረች።

ለጤና ጣቢያው ኃላፊ ነገርኳት። በሩን ዘጋች።

"ሌላ ማን ያውቃል?"

"ማንም።"

"እንግዲያው ሜትሩን ጣዪው። አዲስ ዛሬውኑ አስገዛለሁ። ገና ያልወለዱትን በሆነ ሰበብ ጠርተሽ ድጋሚ ለኪያቸው። የወለዱትን… የወለዱትን ምን ታደርጊያቸዋለሽ?"

"ለፕሮግራሙ ቢሮ ማሳወቅ የለብንም?"

"ካሳወቅሽ እስኪጣራ ብለው የዱቄቱን መጋዘን ያሽጉታል። አንቺ ልብሽን ቀለለሽ፣ ሴቶቹ ጦማቸውን አደሩ። ይሄ ነው የምትፈልጊው?"

"አይ።"

"በይ እንግዲህ፣ ሆድ ይፍጀው።"

እሺ አልኩ። እሺ ማለት ሰሞኑን አይከብደኝም።

መጋቢት 18

ልብስ ሰፊዋ ጋ ሄድኩ። የስፌት መኪናዋን እየረገጠች ነበር።

"ጋዋኑ ነገ ነው የሚደርሰው" አለች ቀና ሳትል።

"ለጋዋኑ አይደለም። ክንድሽ ሃያ ሁለት ነጥብ አራት ነው። ልክ ነበርሽ። ሜትሩ አንድ ሴንቲ ጎድሎት ነው። የቆረጥኩት እኔ ነኝ።"

መኪናው ቆመ።

"ስንት ሳምንት ሆነው እኔን ከመለስሽኝ?"

"ስድስት።"

"ስድስት" አለች። ክሩን በጥርሷ በጠሰች። "እኛ ጋ ጫፉ የተቆረጠ ሜትር ይጣላል። አንድ እየቀነስኩ እለካለሁ ያለ ሰፊ አንድ ቀን መርሳቱ አይቀርም፣ የሰው ጨርቅ ያበላሻል። ጨርቅስ ይሁን፣ ተተርትሮ እንደገና ይሰፋል። ይሄስ?" ሆዷን በመዳፏ መታ መታ አደረገችው። "ይሄን ማን ይተረትረዋል?"

እንደ ሥራ ሆዷን በዓይኔ ለካሁ። ስድስት ወር ተኩል።

"ኧረ ቢያንስ አልቅሺ!" ብላ ጮኸችብኝ።

አልመጣልኝም። እውነቴን ነው፣ ሞክሬ ነበር።

"ዱቄቱን ነገ እኔው ተሸክሜ አመጣልሻለሁ" አልኳት።

"ታዲያ ማን ሊሸከመው ኖሯል?" አለችና መርገጧን ቀጠለች።

መጋቢት 20

ካርዶቹን ከነሐሴ ጀምሮ አገላበጥኩ። በሃያ ሦስትና በሃያ አራት መሃል የተጻፈላቸውን ለየሁ። ሃያ ስድስት ሴቶች። አሥራ ሰባቱ ገና አልወለዱም፤ እየጠራናቸው ነው፣ እስካሁን የመጡት ሁሉ በአዲሱ ሜትር ከሃያ ሦስት በታች ናቸው። ዘጠኙ ወልደዋል። ከዘጠኙ አራቱ ሁለት ኪሎ ተኩል ያልሞላ ልጅ ነው የወለዱት።

ዱቄቱን ቢያገኙ ይለወጥ ነበር? እንጃ። ዱቄት የሚበሉትም አንዳንዴ ትንሽ ልጅ ይወልዳሉ። የማይበሉትም ግዙፍ ይወልዳሉ። ማንም አያውቅም። ይሄን ለሴቶች ስንቴ ብያቸዋለሁ…

የመስከረሙ ሳጥን ሥር ሌላ ካርድ ነበር። ሃያ ሰባተኛ። የእጅ ጽሑፉ የእኔ። ዕድሜ ሃያ ዘጠኝ። የመጀመሪያ እርግዝና። ክንድ 23.1። "ደህና ናት።" ከላይ ያለው ስም የእኔ።

ራሴን የለካሁት እኔ። ራሴን የመለስኩት እኔ።

ካርዱን ወደ ቦታው መለስኩት። ሳጥኑን ከደንኩ። የምሳ ሰዓት ነበር፣ ሰዎች ይወጡ ነበር።

መጋቢት 21

22.1።

ሚያዝያ 3

ከወለዱት ዘጠኙ አንዷን ቤቷ ድረስ ሄጄ አየኋት። ልጁ ሦስት ወሩ ነው፣ እጁ ቀጭን፣ ዓይኑ ግን ንቁ። የሆነውን ነገርኳት። በደንብ ሰማችኝ።

"ታዲያ ለዚህ ብለሽ ይሄን ሁሉ ዳገት ወጣሽ? እግዜር ይስጥሽ" አለችኝ።

እስከ ታች ድረስ ተናድጄ ወረድኩ። ምን ብላ ነው የምታመሰግነኝ? ለምን አልሰደበችኝም? ቤት ስደርስ ነው ያወቅሁት… ከተናደድኩ ስንት ጊዜዬ ነው?

ሚያዝያ 8

ልብስ ሰፊዋ በሦስት ሳምንት አንድ ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም ጨመረች። ቁጥሩን ደጋግሜ አየሁት።

"ዱቄታችሁ ካርቶን ካርቶን ይላል" አለችኝ።

"ካርቶን በልተሽ ታውቂያለሽ?"

"እናንተ ሳትመዘግቡኝ በፊት ምን ስበላ የከረምኩ ይመስልሻል?"

ቀልዷ ነው። ግማሹ። ሆዷ ላይ ማዳመጫውን ሳስቀምጥ የልጁ ልብ ቶሎ ቶሎ ይመታል፣ ጤነኛ ነው። "ይሄኛው ይቆይልኛል?" አለችኝ፣ ቀልዱን ትታ። አላውቅም አልኳት። ሌላ ጊዜ "ይቆያል" እል ነበር፣ እንደ ሥራ። ለእሷ ግን ከእንግዲህ ያላነበብኩትን ቁጥር አልነግራትም።

ሚያዝያ 10

ዝርዝሩን ጻፍኩ። ሃያ ስድስት መስመር። ቀን፣ የተጻፈው ልክ፣ ትክክለኛው ልክ፣ የወለደች ከሆነ የልጁ ክብደት። ሥሩ ላይ ሜትሩን የቆረጥኩት እኔ መሆኔን ጽፌ ፈረምኩ። ሃያ ሰባተኛውን… እሱን ተውኩት። እኔ ተረጂ አይደለሁም፣ ሠራተኛ ነኝ። ምን አገባቸው?

ወደ ፕሮግራሙ ቢሮ በሚሄደው ፖስታ ውስጥ አስገብቼ ለኃላፊዋ አሳየኋት። ፊቷ ተለዋወጠ።

"ተነጋግረን አልነበረም?"

"ነበር።"

"መጋዘኑን ሲያሽጉት በሩ ላይ አንቺ ነሽ የምትቆሚው። ሴቶቹን አንቺ ነሽ የምትመልሻቸው።"

"እሺ።"

ፖስታውን አልነጠቀችኝም። መንጠቅ ትችል ነበር።

ሚያዝያ 16

ሁለት ተቆጣጣሪዎች መጡ። ትሁቶች ናቸው። ሁሉንም ፎቶ አነሱ፣ ከቆሻሻው ያስቀረሁትን ሜትርም ጭምር። ከዚያ መጋዘኑን አሸጉ። "እስኪጣራ። ከሁለት ሳምንት አይበልጥም።"

ኃላፊዋ "አላልኩሽም?" አላለችኝም። ባትለኝም ሰማሁት።

በሩ ላይ ቆሜ ስልሳ ሁለት ሴቶች መለስኩ። አንዷ ጆንያዋን አጥባ ነበር ይዛ የመጣችው። ልብስ ሰፊዋ ከነሆዷ ደረጃውን ወጥታ መጣች። ሰባት ወር አልፏታል።

"ዛሬስ ምን ጎደለ?" አለችኝ። መጋዘኑ ለምን እንደታሸገ ነገርኳት። ዞራ ወረደች፣ ግድግዳውን እየያዘች።

ልክ ነገር ሠርቼ ነው እሷን ያስራብኳት? እንደዚያ ነው የሚባለው? ደረቴ ላይ የሆነ ነገር ተጫነኝ። ምን እንደሆነ አላውቅም።

ሚያዝያ 18

ሁለት የተቀቀለ እንቁላል፣ ዳቦ፣ ምስር በሳህን ይዤ በምሳ ሰዓት ሱቋ ሄድኩ። ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጬ ልወጣ ስል…

"ወዴት?"

"ብዪ። እኔ ቆይቼ ሳህኑን እወስዳለሁ።"

"እንደ ዶሮ ልትቀልቢኝ ነው? ብቻዬን አልበላም።"

"እኔ በልቻለሁ።"

"ጋዋንሽን ያጠበብኩት እኔ ነኝ! ማንን ነው የምትዋሺው?"

ጨርቆቹን ገፋ አድርጋ ቦታ ሰጠችኝ። አንዱን እንቁላል በላሁ። ሳልፈልግ ነው የበላሁት። ካልበላሁ አትበላማ።

ሚያዝያ 27

በየቀኑ። እንቁላል፣ ዳቦ፣ ባቄላ፣ ወተት ሲገኝ ወተት። አማቴ ሳህኑ የት እንደሚሄድ ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። በማግሥቱ ጠዋት ሳህኑ ሞልቶ ተከድኖ ጠበቀኝ፣ ለሁለት ሰው የሚሆን። እኚህ ሴትዮ…

ሁለት ሳምንቱ ሊያልቅ ነው። መጋዘኑ እንደታሸገ ነው።

ግንቦት 4

መጋዘኑ ተከፈተ። በተሰለፉት ሴቶች ፊት ቁልፉ ሲዞር ጥበቃው ጋሼ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። የእኔ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤም መጣ፣ ማኅደሬ ውስጥ ይቀመጣል። ከዚህ በኋላ እያንዳንዱን ክንድ ሁለት ሰው ያነባል። ሰላሳ አዲስ ሜትር ላኩልን። ሰላሳ! አንድ ስጡን ስንል ዓመት የፈጀባቸው ሰዎች።

ግንቦት 20

የጨመረችው ጥሩ ነው። ምሳውን አላቆምንም። ሰበቡ ጠፋ፣ እግሬ ግን ሰዓቱ ሲደርስ ወደዚያው ይሄዳል። ዛሬ ስትተረትር ቆየችና፣ "ፈርቻለሁ" አለችኝ። "እኔም" አልኳት። ፈርቼ ነበር። ፍርሃት መሆኑን ለየሁት።

ሰኔ 4

ወለደች። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ፣ በእኛው ማዋለጃ ክፍል። ወንድ። ጮኸ። እኔ ነኝ ጠቅልዬ ሚዛኑ ላይ ያስቀመጥኩት። ቁጥሩ ሲረጋ ሁለቴ አነበብኩት።

"ሁለት ኪሎ ከሰባት መቶ" አልኩ።

ከአልጋው ላይ፦ "አንቺ አይደለሽም! አዋላጇ ታንብበው።"

አዋላጇ ጎንበስ አለች። "ሁለት ኪሎ ከሰባት መቶ።"

"ሚዛኑ ከስንት ነው የሚጀምረው?"

"ከዜሮ!" ብለን እኩል ጮኽን። አዋላጇ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ልብስ ሰፊዋ ግን አልሳቀችም፣ ልጁ ደረቷ ላይ እስኪደርስ እጇን ዘርግታ ነው የጠበቀችው።

ከሰዓት ብቻችንን ሆንን። ልጁ ጠብቶ ተኝቷል።

"ያንቺስ ስንት ነበረች?" አለችኝ።

"ማን ነገረሽ?"

"ከልብስ ሰፊ ምን ይደበቃል? ስንት ነበረች?"

በዚህ ሁሉ ወር ማንም አልጠየቀኝም። ስንት ሚዛን አንብቤ… "አንድ ኪሎ ከሁለት መቶ" አልኳት።

"ጸጉር ነበራት?"

"ነበራት። ብዙ። ጥቁር።" አለቀስኩ። አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ፣ አፍንጫዬን በጋዋኔ እየጠረግሁ፣ እንደ ሕፃን። ልጄ ሞታለች። ልጄ ሞታለች እኮ! አላባበለችኝም። እጅጌዬን ይዛ ቆየች።

ሲወጣልኝ የካርዱን ነገር ነገርኳት። 23.1። ዓይኗ ፈጠጠ።

"አንቺም?"

"እኔም።"

"ባልሽ ያውቃል?"

"የለም። ካወቀ… አንቺ ነሽ የገደልሽብኝ ቢለኝስ?"

"እኔ ጋ መጥተሽ ነግረሽኝ ጮኼብሽ ነበር። ሞትሽ?" አለችኝ። "ሂጂ ንገሪው።"

ሰኔ 5

ጠዋት ለፕሮግራሙ ቢሮ አንድ ገጽ ጻፍኩ። "በፊት በላክሁት ዝርዝር ውስጥ ያልገባች። ተራ ቁጥር ሃያ ሰባት። የተጻፈው ልክ 23.1፣ ትክክለኛው 22.1። በሰባት ወር ወለደች። ሴት። 1.2 ኪሎ። አንድ ቀን ኖራለች።" ለኃላፊዋ ሰጠኋት። ከላይ የጻፍኩትን ስሜን ስታነብ መነጽሯን አወለቀች። ማኅተሙን መታችበትና ራሷ ፖስታው ውስጥ አስገባችው።

ባሌ ሲገባ ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ጠበቅሁት። ሁሉንም ነገርኩት። መቀሱን፣ ሜትሩን፣ ሃያ ስድስቱን ሴቶች። "ዱቄቱ ይገባኝ ነበር፣ ራሴን የመለስኩት እኔ ነኝ" አልኩት። ካርዱን አንስቶ አነበበ፣ ገልብጦ ጀርባውን አየ፣ እንደገና አነበበ። ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

"ክብደቷን እንኳ ነግሬህ አላውቅም" አልኩት። "አንድ ኪሎ ከ…"

"አውቃለሁ" አለ። "እኔ አይደለሁ የተሸከምኳት?"

ከሆስፒታሉ እስከ መቃብሩ በእግሩ ነበር የሄደው። አላውቅም ነበር። አውቶቡስ መጥቶ ቆሞለት፣ የሚነዳው ባልደረባው ሆኖ፣ "ምን ይዘሃል?" እንዳይለኝ ብዬ እለፍ አልኩት አለኝ። ሁለት ሰዓት ነው የፈጀበት። "ቀላል ነበረች። ክንዴ ግን እስካሁን ያመኛል" አለ። ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም ነበር።

የሚያስታውሰውን ነገረኝ፣ እኔም ነገርኩት። አገጯ የእሱ ነበር። እሱ ደግሞ የለም ያንቺ ነው ይላል። ተከራከርን። ድምፃችን ከፍ ብሎ ነው መሰለኝ እማማ ከክፍላቸው ወጡ።

"ምን ሆናችሁ?"

"ስለ ልጃችን እያወራን ነው" አልኳቸው።

ወንበር ስበው መሃላችን ተቀመጡ።